ምዕራፍ ስድስት፦ የተማሪ ክሊፕ በምን ይመዘናል?

በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ለሁለት ዓመት የሚከታተሉት ኤ ሌቭል በሚባለው ደረጃ የመገናኛ ብዙኃን ጥናት የሚባል ትምህርት አለ። የጽሑፍ ፈተናው እንዳለ ሆኖ ተማሪው ራሱ ሠርቶ የሚያስረክበው ሥራም ከውጤቱ ይታሰባል። ኦሲአር የተባለው የፈተና ቦርድ ለዓመታት ሲያቀርባቸው ከነበሩት ምርጫዎች አንዱ አንድ አልበም ገበያ ላይ ሲውል የሚያስፈልገውን የማስተዋወቂያ ጥቅል ማዘጋጀት ነበር። ዋናው ሥራ የሙዚቃ ቪዲዮው ነበር፤ ከእሱ ጋር ተማሪው ከአልበም ሽፋን፣ ከመጽሔት ማስታወቂያና ከባንዱ ድረ ገጽ የፊት ገጽ ሁለቱን መርጦ ይሠራ ነበር። ከ100 ማርክ 20ው ለጥናትና ለዝግጅት፣ 40ው ለቪዲዮው፣ 20ው ለሁለቱ አጃቢ ሥራዎች ይሰጥ ነበር፤ የቀረው 20 ተማሪው የገዛ ሥራውን ለሚመዝንበት ግምገማ ነበር። በግምገማው አራት ነገር ይጠየቅ ነበር፦ ሥራው በገበያ ያሉትን ሥራዎች ልማድ እንዴት ተከተለ፣ አሳደገ ወይም ጣሰ? ቪዲዮውና አጃቢዎቹ ተጣምረው ምን ያህል ይሠራሉ? ከተመልካች አስተያየት ምን ተገኘ? ቴክኖሎጂው ከጥናቱ እስከ ግምገማው ለምን ዋለ? (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ጥያቄዎች ጥቅም ከአንድ አገር የፈተና ክፍል ያልፋል። ዛሬ ስልክ የያዘ ወጣት፣ ለንደንም ይኑር አዲስ አበባ፣ ክሊፕ ቀርጾ፣ ኤዲት አድርጎ፣ ሽፋኑንም ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ መጫን ይችላል። የሚሠራው ሰው በዝቷል፤ የተሠራውን በቅጡ የሚመዝን ግን ብዙ የለም። መዛኙ አስተማሪም ይሁን ጓደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይሄዳል። አንዱ መንገድ ሥራውን ከታወቀ ባለሙያ ሥራ አጠገብ አቁሞ ምን ያህል ይመስለዋል ብሎ መጠየቅ ነው። ሌላው መንገድ ልጁ ለፍቷል፣ ለዕድሜው ጥሩ ሠርቷል ብሎ ማለፍ ነው። የመጀመሪያው ተማሪውን በሌለው ገንዘብና መሣሪያ ይቀጣዋል፤ ሁለተኛው ሥራውን ጨርሶ አያየውም። በእኔ እምነት በተማሪ ክሊፕ ውስጥ መመዘን ያለበት ምርጫ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ከተሰማ ነገር የተነሣ፣ በሽፋኑና በማስታወቂያው ላይም የቀጠለ፣ ተመልካች ማብራሪያ ሳይሰጠው ሊያገኘው የሚችል ምርጫ ካለ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ከሌለ ምስሉ ምንም ያህል ቢጠራ ሥራው ገና አልተሠራም።

ምርጫ የሚጀምረው ዘፈኑን ከመስማት ነው። የሙዚቃ ቪዲዮ ተመራማሪው አንድሩ ጉድዊን በ1992 ባሳተመው «ዳንሲንግ ኢን ዘ ዲስትራክሽን ፋክተሪ» በተባለ መጽሐፉ በምስልና በዘፈን መካከል ያለውን ግንኙነት በሦስት ከፍሎታል። ምስሉ ግጥሙ ያለውን መልሶ ሊያሳይ፣ ግጥሙ ያላለውን ሊጨምርበት፣ ወይም ከግጥሙ ጋር ሳይገናኝ በራሱ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ይህ ክፍፍል በእንግሊዝ የመገናኛ ብዙኃን ክፍሎች በሰፊው ይነገራል፤ ተማሪዎችም በግምገማቸው ላይ «የእኔ ክሊፕ ከሁለተኛው ዓይነት ነው» ብለው ይጽፉ ነበር። ስም መለጠፍ ግን መመዘን አይደለም። መመዘን የሚጀምረው ክሊፑ በዘፈኑ ውስጥ የትኛውን ነገር እንደሰማ ስንጠይቅ ነው፤ ዘፈን ደግሞ ግጥም ብቻ አይደለም። ዜማ አለው፣ ምት አለው፣ የሚገባና የሚወጣ መሣሪያ አለው፣ ድምጻዊው ትንፋሹን የሚስብበት ቦታ አለው። ዳይሬክተሩ ሚሼል ጎንድሪ በ1997 ዳፍት ፓንክ ለተባለው የሙዚቃ ቡድን የሠራው «አራውንድ ዘ ወርልድ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የዘፈኑ ግጥም ከርዕሱ በቀር ሌላ ቃል የለውም፤ ስለዚህ ግጥሙን ተከትሎ የሚቀረጽ ታሪክ አይገኝም። ጎንድሪ ያደረገው እያንዳንዱን የሙዚቃ መሣሪያ ለአንድ የተወዛዋዥ ቡድን መስጠት ነው። ሮቦት መስለው የሚዞሩት በማሽን የተለወጠውን የዘፋኝ ድምፅ ይዘዋል። ደረጃ የሚወጡትና የሚወርዱት ስፖርተኞች የቤዙ ናቸው፤ ቤዙ ወደ ላይ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ፣ ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ። አጽሞቹ የጊታሩ፣ በጨርቅ የተገነዙት የከበሮው፣ የዋና ቆብ ያጠለቁት ሴቶች ደግሞ የኪቦርዱ ናቸው። አንድ መሣሪያ ሲገባ የእሱ ቡድን ይንቀሳቀሳል። ቪዲዮውን አይቶ የጨረሰ ሰው ዘፈኑን ከበፊቱ አጥርቶ ይሰማዋል፤ ተደበላልቆ ይደርሰው የነበረውን ድምፅ አሁን ለያይቶ ያውቀዋል። ክሊፕ ለዘፈን ሊያደርግለት ከሚችለው ነገር ይህን የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ይህን ወደ ተማሪ ሥራ እናምጣው። አንዲት ተማሪ ስለ መለያየት የሚያወራ ዘፈን መርጣለች እንበል። ክሊፑ ላይ አንዲት ወጣት በወንዝ ዳር ብቻዋን ትሄዳለች፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳ ውስጥ የቀሩ ፎቶዎችን ታያለች፤ ታለቅሳለች። ኤዲቱ ምቱን ጠብቆ ይቆርጣል፤ ምስሉም ንጹሕ ነው። እስከዚህ ድረስ የምናየው ነገር ሁሉ ከግጥሙ የተወሰደ ነው፤ ስለ መለያየት ለሚያወራ ለማንኛውም ዘፈን ቢለጠፍ ያስኬዳል። አሁን ዘፈኑን ደግመን እንስማው። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ቃሉ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ግን ከበሮው ይቆማል፣ ድምጻዊዋ ብቻዋን ትቀራለች። ክሊፑ በዚህ ቦታ እንደ ቀደሙት ሁለት አዝማቾች በየምቱ መቁረጡን ከቀጠለ ሠሪዋ ግጥሙን እንጂ ዘፈኑን አልሰማችም ማለት ነው፤ የምትቆርጥበት ምት ራሱ ጠፍቷልና። በዚያው ቦታ ካሜራው ፊቷ ላይ ሳይቆረጥ ቢቆይ፣ ወይም ልጅቷ ተነሥታ ሄዳ ካሜራው ባዶው ወንበር ላይ ቢቀር፣ ከበሮው የተወውን ክፍተት ተመልካች በዓይኑ ያገኘዋል። ይህ ምርጫ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ጆሮ ነው። መዛኙም ሊያገኘው የሚችለው ዘፈኑን ተማሪዋ ያህል ደጋግሞ ከሰማው ብቻ ነው። ብዙ ግምገማዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ መዛኙ ዘፈኑን ከክሊፑ ጋር አንድ ጊዜ ሰምቶ ምስሉን ብቻ ሲመዝን ይገኛል።

«ልማድን ተከተለ ወይስ ጣሰ?» የሚለው ጥያቄም በዚህ ብርሃን ሲታይ ይስተካከላል። ተማሪዎች መጣስ ከመከተል የበለጠ ማርክ የሚያስገኝ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ዘፋኙን ከክሊፑ ጨርሰው ያወጣሉ፣ ወይም ታሪኩን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይነግራሉ፣ በግምገማቸውም ልማዱን እንደጣሱ ይመሰክራሉ። የዘፋኝ ፊት በቅርብ መታየቱ፣ ባንዱ ሲጫወት መቀረጹ፣ አዝማቹ ላይ ወደ አንድ ቦታ መመለሱ ልማድ የሆኑት ግን በምክንያት ነው። አሳታሚው ኩባንያ የሚሸጠው ዘፋኙን ስለሆነ ፊቱ እንዲታይ ይፈልጋል፤ አድማጩም ድምፁ ከማን አፍ እንደሚወጣ ማየት ይወዳል። ምክንያቱን አውቆ የተከተለ ምርጫ አድርጓል፤ ምክንያቱን ሳያውቅ የጣሰ ግን ምርጫ አላደረገም። ዘፈኑ ማንነቱን ስለሚደብቅ ሰው የሚያወራ ከሆነና ክሊፑ የዘፋኙን ፊት እስከ መጨረሻው ካላሳየ፣ መጣሱ ከዘፈኑ የመጣ ነውና ዋጋ አለው። ዘፋኙ የጠፋው ለቀረጻው ቀን ስላልተመቸው ብቻ ከሆነና ክሊፑ ያንን መቅረት ወደ ትርጉም ካልለወጠው፣ «ልማዱን ተገዳድሬአለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ተመልካች የሠሪውን ምክንያት አያይም፤ የሚያየው ጥራቱን ነው፤ ስለዚህ በምርጫ መመዘን ደካማ ቴክኒክን መሸፈን ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው እውነት አለበት፤ መልሱም ቴክኒክን መተው አይደለም፤ የትኛው የቴክኒክ ጉድለት ምን እንደሚያበላሽ መለየት ነው። በአፍ እንቅስቃሴ እንጀምር። በብሪታንያ ቪዲዮ በልማድ በሰከንድ 25 ፍሬም ይሄዳል፤ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው መመዘኛ መሠረት ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀድም ተመልካች ይነቃበታል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ኤዲት የሚያደርገው ተማሪ ድምፁን ከምስሉ በሁለት ፍሬም ቢያስቀድመው ዘፋኙ ከዘፈኑ ጋር ተለያይቷል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ክሊፑ «ይህን የሚዘፍነው ይህ ሰው ነው» ብሎ ሲናገር ቆይቶ ራሱን በራሱ ያስተባብላልና። በአንጻሩ በምሽት በተቀረጸ ምስል ላይ ትንሽ ብናኝ ቢታይ፣ ወይም ካሜራው በትከሻ ተይዞ ቢንቀጠቀጥ፣ ክሊፑ የሚናገረው ነገር ላይነካ ይችላል፤ እንዲያውም የቅርብነት ስሜት ሊጨምርለት ይችላል። ቴክኒክ የሚመዘነው ተሸክሞት ባለው ምርጫ ልክ ነው። ምርጫውን ያደረሰ ቴክኒክ በቂ ነው፤ ምርጫውን መንገድ ላይ የጣለ ቴክኒክ ይጠየቅበታል።

የመሣሪያና የገንዘብ ጉዳይም በዚሁ ይመለሳል። ኮልድፕሌይ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2000 ያወጣው «የሎው» የተባለው ክሊፕ ውስጥ ያለው አንድ ሰው፣ አንድ የባሕር ዳርቻና አንድ ሳይቆረጥ የሚሄድ ቀረጻ ነው። ቦታው በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ የሚገኘው የስተድላንድ ባሕረ ሰላጤ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሙሉው ባንድ እንዲቀረጽ ነበር፤ ቀኑ ግን የከበሮ መቺው እናት የቀብር ቀን ስለሆነ ድምጻዊው ክሪስ ማርቲን ብቻውን ቀረበ፤ አየሩም ዝናብና ነፋስ ሆነ። ዳይሬክተሮቹ ጄምስ ፍሮስትና አሌክስ ስሚዝ በሰከንድ 50 ፍሬም ቀርጸው በ25 አጫወቱት፤ ስለዚህ ማርቲን በቀረጻው ላይ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ሲሰማና ሲዘፍን፣ በክሊፑ ላይ አፉ ከዘፈኑ ጋር ገጥሞ አካሄዱ፣ ፀጉሩና ማዕበሉ ግን ዘገም ይላሉ። ይህን ማንኛውም ተማሪ ዛሬ በስልኩ ሊያደርገው ይችላል። የ«የሎው» ጉዳይ ሌላም ነገር ያስተምራል። ምርጫ ማለት ከመጀመሪያው የታቀደውን ሳይለውጡ መፈጸም ማለት አይደለም። ዕቅዱ ሲፈርስ የቀረውን አይቶ ለዘፈኑ የሚስማማውን ማስቀረትም ምርጫ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው። መዛኝ የተማሪውን የመጀመሪያ ዕቅድ ይዞ «ያልከውን አልሠራህም» ሲል ይህን ዓይነቱን ችሎታ ይቀጣል።

ከቪዲዮው ወደ ጥቅሉ ስንሻገር ጥያቄው ይሰፋል፤ ቪዲዮ፣ ሽፋንና ማስታወቂያ እንዴት አንድ ነገር ይሆናሉ? ይህ ጥያቄ የሙዚቃ ቪዲዮ የሚያሳየው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ በነሐሴ 1 ቀን 1981 ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ነበር። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1974 ባወጣው ሁለተኛ አልበሙ ሽፋን ላይ የአራቱ አባላት ፊት ከድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ከላይ በሚወርድ ብርሃን ተለይቶ ይታያል፤ ፎቶውን ያነሣው ሚክ ሮክ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ብሩስ ጋወርስ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን በአራት ሰዓት ገደማ ሲቀርጽ ያንኑ አቀማመጥ ወስዶ ነፍስ ዘራበት፤ አራቱ ፊቶች አሁን ይዘፍናሉ። ሽፋኑን ያየ አድናቂ ቪዲዮውን ሲያይ ቤቱን ያውቀዋል፤ የሚያየው ግን ያንኑ ፎቶ አይደለም፤ ፎቶው ወደ ሌላ ነገር ሄዷል። ከዚህ የበለጠ ዘመናዊ ምሳሌ ከፈለግን ካናዳ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደውን፣ ቶሮንቶ ውስጥ ያደገውንና አፉን በአማርኛ የፈታውን አቤል ተስፋዬን፣ ዓለም ዘ ዊክንድ ብሎ የሚጠራውን ድምጻዊ እንውሰድ። «አፍተር አወርስ» የተባለው አልበሙ በመጋቢት 2020 ሲወጣ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ነበር የመጣው፤ ቀይ ኮት የለበሰና ሌሊቱን በከተማ ሲባዝን የሚያድር ሰው። በ«ብላይንዲንግ ላይትስ» ክሊፕ ፊቱ በደም ይጨቀያል፤ በአልበሙ ሽፋን ላይ በደም የራሰ ፊት ይስቃል። በኅዳር 2020 በአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ፊቱ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ ቀረበ። በጥር 2021 በወጣው «ሴቭ ዩር ቲርስ» ክሊፕ ፋሻው ተነሥቶ በቀዶ ጥገና የተለወጠ የሚመስል ፊት ታየ። በየካቲት 2021 የአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ በሆነው በሱፐር ቦውል መድረክ ላይ ደግሞ ቀይ ኮቱ ከእሱ ጋር ቀርቶ ፋሻው ወደ ተወዛዋዦቹ ተላለፈ። ከአንድ ዓመት በላይ በቆየው በዚህ ሥራ ውስጥ የማይለወጥ ነገር አለ፤ የሚለወጥም አለ። ኮቱ ማንነቱን ያስታውቃል፤ ቁስሉ ታሪኩን ወደፊት ይወስዳል።

የተማሪዎች ጥቅል በብዛት የሚሳሳተው በዚህ ነው። አንድነትን ከድግግሞሽ ጋር ያምታቱታል። ከቪዲዮው አንድ ምስል ቆርጠው ሽፋን ያደርጉታል፤ ያንኑ ምስል ከፍ አድርገው «አሁን በገበያ ላይ» የሚል ጽፈውበት ማስታወቂያ ያደርጉታል፤ በግምገማቸውም ሦስቱ ሥራዎች አንድ ቀለምና አንድ የፊደል ዓይነት ስላላቸው ጥምረታቸው ውጤታማ ነው ይላሉ። ሦስቱ ሥራዎች ግን የተለያየ ሥራ አላቸው። ቪዲዮው አንድ ዘፈን ይሸጣል፤ ሽፋኑ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዘፈን ያለበትን አልበም ይወክላል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ገጽ እየገለጠ ለሚያልፍ ሰው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን መመለስ አለበት። ስለዚህ በወንዝ ዳር የምታለቅሰውን ልጅ ሽፋኑ ላይ የደገመ ተማሪ አልበሙን በሙሉ ወደ አንድ ዘፈን አጥብቦታል። ወንበሩን ብቻ፣ በሌላ ወቅት፣ ቅጠል ረግፎበት ያሳየ ሽፋን ግን ቪዲዮውን ላየ ሰው የቀጠለ ነገር ይነግረዋል፤ ላላየው ሰው ደግሞ ጥያቄ ያጭርበታል። ጥቃቅኑም ነገር በዚሁ ይታያል። የሲዲው ታጣፊ የካርቶን ሽፋን መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ቀጭኑ ጀርባው ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የዘፋኙ ስም ከሌለ ወይም ካልተነበበ አልበሙ በገዛ መደርደሪያው ላይ ጠፍቷል። በጨለማ ፎቶ ላይ በቀጭን ግራጫ ፊደል የተጻፈ የመውጫ ቀን ማስታወቂያውን ያለ ሥራ ያስቀረዋል። መዛኙ እነዚህን ማየት ያለበት ተማሪውን በጥቃቅን ለመያዝ ሳይሆን፣ ተማሪው ሥራውን የሚያየውን ሰው አስቦት እንደሆነ የሚነግሩት እነሱ ስለሆኑ ነው።

የመጽሔት ማስታወቂያ ያለፈበት ነገር አይደለምን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከ1952 ጀምሮ የቆየው ኤንኤምኢ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት ሳምንታዊ ኅትመቱን በመጋቢት 2018 አቁሟል፤ በ1986 የተመሠረተው ኪው መጽሔትም በ2020 መታተሙን አብቅቷል። አልበም የሚገዛውም ሰው ዛሬ በአብዛኛው ሽፋኑን የሚያየው በስልኩ ላይ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ስፋት ነው። ይህ ግን መመዘኛውን አይሽረውም፤ ያጠብቀዋል እንጂ። በዚያ መጠን የማይነበብ ስም፣ በዚያ መጠን የማይለይ ፊት የባሰውኑ ጥፋት ነው። የሚለወጠው ቦታው ነው፤ ጥያቄው ያው ነው፦ ይህን ነገር የት፣ ለስንት ሰከንድ፣ በምን መጠን ያዩታል? ለዚያስ ምን ተመረጠ?

ምርጫው ለተመልካች መድረሱን የምናውቀው ከተመልካቹ ነው፤ እዚህም ግን የአጠያየቁ ጉዳይ አለ። ጃማይካ የተወለደው የባህል ጥናት ምሁር ስቱዋርት ሆል በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ ላይ መልእክት በላኪው እንደታሰበ ሳይነካ ወደ ተቀባዩ እንደማይደርስ አስረድቷል። ተቀባዩ እንደታሰበው ሊቀበለው፣ በከፊል ተቀብሎ ከራሱ ሕይወት ጋር ሊያስታርቀው፣ ወይም ሊቃወመው ይችላል። ተማሪዎች ይህን ጠቅሰው ሲያበቁ ለክፍል ጓደኞቻቸው «ክሊፑን ወደዳችሁት?» የሚል መጠይቅ ያድላሉ፤ አብዛኛው ወድደነዋል ይላል፤ ውጤቱ በክብ ሥዕል ተሠርቶ ይለጠፋል። ከዚህ የሚገኝ እውቀት የለም፤ ጓደኛ ጓደኛውን አያስከፋም። ጥያቄው የሠሪውን ምርጫ የሚፈትን ሲሆን ግን መልሱ ይጠቅማል። ድምፁን ዘግቶ ክሊፑን አሳይቶ ዘፈኑ ምን ዓይነት ይመስላችኋል ብሎ መጠየቅ፤ ቪዲዮውን ላላዩ ሰዎች ሽፋኑን ከሌሎች አራት ሽፋኖች ጋር ደርድሮ ይህ አልበም ስለ ምን ያወራል ማለት፤ ክሊፑን ካዩ በኋላ አንድ ቀን አሳልፎ የሚያስታውሱትን አንድ ምስል ማስጻፍ። ባዶውን ወንበር ማንም ካላስታወሰው ምርጫው አልደረሰም፤ ሠሪዋ ያኔ አንድም ቀረጻውን ታስረዝማለች፣ አንድም ወንበሩን ቀደም ብላ ታስተዋውቃለች። ተመልካቹ ከታሰበው ውጭ ቢያነበው ደግሞ ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም፤ ልጅቷ የተተወች ሳትሆን የተወች መስላ የታየቻቸው ተመልካቾች በክሊፑ ውስጥ ሠሪዋ ያላየችውን አይተው ሊሆን ይችላል። ግምገማ የሚባለው ይህን ልዩነት መዝግቦ ምን እንዳመጣው ከሥራው ውስጥ ማሳየት ነው።

ከሁሉ የጠለቀው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ምርጫን እንመዝን ካልን፣ የሠሪውን ሐሳብ ልንመዝን አይደለምን? ዊሊያም ዊምሳትና ሞንሮ ቢርድስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1946 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ የደራሲ ሐሳብ የሥራ መመዘኛ መሆን እንደሌለበት ተከራክረዋል፤ ሐሳቡ በሥራው ውስጥ ከተሳካ ሥራውን ማየት ይበቃል፣ ካልተሳካ ደግሞ ከሥራው ውጭ ያለ ሐሳብ ምንም አያድነውም። ይህ ክርክር የእኔን መመዘኛ አያፈርሰውም፤ ድንበሩን ያሰምርለታል። ምርጫ ብዬ የምጠራው በሠሪው ልብ ውስጥ ያለውን ሳይሆን በስክሪኑ ላይ ያለውን ነው። ሦስተኛው አዝማች ላይ ቀረጻው መቆየቱ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው፤ ተማሪዋ ብትናገርም ባትናገርም አለ። በተቃራኒው «ቀይ ቀለም የተጠቀምኩት ፍቅርንም አደጋንም ስለሚያመለክት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ በክሊፑ ውስጥ ቀዩ ነገር ከሌላው ተለይቶ ካልታየና ከዘፈኑ ምንም ነገር ጋር ካልተገናኘ፣ ስለ ሥራው የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ በእንግሊዝ ብዙ አስተማሪዎችን ያሰለቸው ችግር፣ ተማሪው ሥራውን እንዲመዝን ሲጠየቅ ራሱን ማመስገኑ፣ መፍትሔው ግምገማን መተው አይደለም። በመስከረም 2017 ማስተማር በተጀመረበት አዲሱ መርሐ ትምህርት ከሥራው በኋላ የሚጻፈው ግምገማ ቀርቶ፣ ተማሪው ከመሥራቱ በፊት ዓላማውን በ500 ቃል ገደማ የሚገልጽበት ጽሑፍ ተተክቷል፤ በተግባር የሚሠራው ሥራም በግል ሆኖ ከጠቅላላው ውጤት 30 በመቶውን ይይዛል። አዲሱ አሠራር ተማሪው አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ ይህ ጥቅም ነው። ያጣው ግን ይበልጣል ባይ ነኝ። ተማሪ ብዙ የሚማረው ያሰበውን ከሠራው፣ የሠራውን ደግሞ ሰው ካየው ጋር ሲያስተያይ ነው፤ ይህ ንጽጽር ከሥራው በፊት ሊጻፍ አይችልም። ጥሩ ግምገማ ምን እንደሚመስል አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያል፦ «ሦስተኛውን አዝማች መጀመሪያ በአራት ቆርጬው ነበር፤ ያዩት ሰዎች ከበሮው መቆሙን ልብ አላሉም፤ ወደ አንድ ቀረጻ ስለውጠው ግን ብዙዎቹ ስለ ዝምታው አወሩ።» እዚህ ውስጥ ምስጋና የለም፤ ምርጫ፣ ውጤትና ማስተካከያ አለ።

የመጨረሻው ተቃውሞ የጣዕም ነው፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል፣ ስለዚህ መመዘን አይቻልም ይባላል። ጣዕም መለያየቱ አያከራክርም። ነገር ግን «የሎው»ን የማይወድ ሰው ቀረጻው አለመቆረጡን መካድ አይችልም፤ ዳፍት ፓንክ የማይሰማ ሰውም ስፖርተኞቹ ከቤዙ ጋር እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ያያል። የምንስማማባቸው ነገሮች ከምንለያይባቸው ቀድመው ይመጣሉ፤ ምዘናም የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው። ሁለት መዛኞች ስለ አንድ ክሊፕ የተለያየ ማርክ ቢሰጡ እንኳ ምርጫዎቹን ለይተው ከጻፉ ልዩነታቸው የት ላይ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ተማሪውም ያውቀዋል። «ይማርካል» እና «አይማርክም» ብቻ ከጻፉ ግን ማንም ምንም አልተማረም።

ስለዚህ መዛኙ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቅመዋል። በመጀመሪያ ዘፈኑን ብቻውን ይስማው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን፣ የሚለወጠውን ቦታ ይጻፍ። ከዚያ ክሊፑን የተማሪውን ማብራሪያ ሳያነብ ይየው፤ አንድ ጊዜ ከነድምፁ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግቶ፤ ያገኛቸውን ምርጫዎች ይዘርዝር። ቀጥሎ ሽፋኑንና ማስታወቂያውን በእውነት በሚታዩበት መጠን ይያቸው፤ ከቪዲዮው የቀጠለውንና የተደገመውን ይለይ። ተማሪው የጻፈውን የሚያነበው በመጨረሻ ነው፤ የሚያነበውም እሱ ካገኘው ዝርዝር ጋር ለማስተያየት ነው። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ የተማሪው ስኬት ነው፤ ተማሪው ጽፎት መዛኙ ያላገኘው የጠፋ ምርጫ ነው፤ መዛኙ አግኝቶት ተማሪው ያልጻፈው ደግሞ ተማሪው ገና ያላወቀው የራሱ ችሎታ ነው፤ ሊነገረው ይገባል። ይህ አካሄድ ጊዜ ይወስዳል፤ ለአራት ደቂቃ ክሊፕ አንድ ሰዓት መስጠትን ይጠይቃል። ተማሪው ግን በዚያ ክሊፕ ላይ ወራት አሳልፏል። ሥራው ባለሙያ እንደሠራው ይመስላል ተብሎ የተመለሰ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ የተሻለ ካሜራ ይመኛል፤ ከበሮው በቆመበት ቦታ ያደረገው ነገር ታይቶ የተነገረው ተማሪ ግን ቀጣዩን ዘፈን ከበፊቱ በተሻለ ጆሮ ይሰማል። የሚቀጥለውን ክሊፕ የሚያሻሽለው ይህ ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪም ሊያገኘው ይችላል።